የደም ግፊት መድኃኒት የስኳር ማነስን ሲሸሽግ
እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለው የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና ምግብ ቤቶች፣ በጾም ወቅት የበያይነቱ ገበታ ይደምቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ በቅርቡ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ለተገኘበት ጿሚ ግን ይበልጥ የሚያሳስቡት ከገበታው በፊት ያሉት ሰዓታት ናቸው።

ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው እምብዛም ነው። ግሊቤንክላሚድ ግን ሆድ ባዶ ሲሆንም ቆሽትን ኢንሱሊን ያስመነጫል፤ ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ አድሬናሊን ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የሚገቱት ይህንኑ የአድሬናሊን ሥራ ነው፤ በመሐንዲስ ቋንቋ፣ እሳቱ ሳይጠፋ ደወሉ ይዘጋል።

ላብ በሌላ የነርቭ መልእክተኛ ስለሚታዘዝ አይሸሸግም። ድንገት ያላበው ጿሚ ስኳሩን ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙን አቋርጦ 15 ግራም ስኳር፣ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካ።