ፈለኮች የሚወለዱበት ትቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመካከላችን አንዳንዶች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ምድርና ሌሎቹ ፈለኮች ከትቢያ ተጠራቅመው የተገኙ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ፈጠራቸው የምንለው እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄውን ከመሸሽ ይልቅ ነገሩን እንመርምረው።

ኮከብ የሚወለደው በጠፈር ካለ ቀዝቃዛ የጋዝና የትቢያ ደመና ነው። ደመናው በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ፣ ቀድሞ ዝግ ያለው መሽከርከሩ እየፈጠነ ይሄዳል። አብዛኛው ክፍል በመካከል ተከማችቶ ኮከብ ይሆናል፤ የቀረው እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ ኮከቡን ይዞራል። ከዚህም ከመቶ 99 ያህሉ ጋዝ ሲሆን ትቢያው አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። እንደ ምድር ያሉ ፈለኮች ግን የሚሠሩት ከዚያች ከጥቂቷ ትቢያ ነው። ብናኙ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ጠጠር፣ ጠጠሩም ተሰብስቦ ቋጥኝ ይሆናል፤ ቋጥኙ ደግሞ ሌላውን በስበቱ እየሳበ ያድጋል። ጋዙ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ስለሚበተን፣ እንደ ጁፒተር ያሉት ታላላቅ ፈለኮች ከዚያ በፊት መፈጠር አለባቸው።

ይህም በዓይን የታየ ነገር ነው። በቺሊ አገር በአታካማ በረሃ፣ 5,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ 66 አንቴናዎች ያሉት አልማ የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ሠውር በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን ኤች.ኤል. ታውሪ የተባለ ወጣት ኮከብ ሲያነሣ፣ በዙሪያው ብሩህ ቀለበቶችና ጨለማ ክፍተቶች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ፒ.ዲ.ኤስ. 70 በተባለው ሌላ ኮከብ ዙሪያ፣ በእንዲህ ያለ ክፍተት ውስጥ በማደግ ላይ ያለ ፈለክ ታየ። የእኛም ፀሐይ ከ4.6 ቢሊዮን ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ትቢያ ተከብባ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄውን እንመልስ። ጽንስ በማኅፀን ከወር እስከ ወር እንዴት እንደሚያድግ ሐኪሞች ያስረዱናል፤ ሆኖም ሕፃን ሲወለድ «እግዚአብሔር ሰጠን» ማለታችንን አልተውንም። ምክንያቱም የአሠራሩን መንገድ ማወቅ ሠሪውን አያስቀርም። ስለ ፈለኮችም እንደዚሁ ነው። የሚሊዮን ዓመታት ቍጥር ሲነገረንም አንደንግጥ፤ ዘመንም ራሱ ፍጡር ነውና። ስለዚህ የሚጠይቀንን ጓደኛ ዝም አናሰኘው፤ መጽሐፉንም አንዝጋበት፤ አብረነው እንማር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።