እጣቢው የት ይደፋል?

(ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ የኖሩ አዛውንትና የአካባቢ ሳይንስ የምትማር ወጣት ያደረጉት ምልልስ)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ በእርሳስ የተበከለ አፈር ታጥቦ ይጸዳል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

አዛውንቱ፦ እውነት ነው ልጄ። ስሎቬኒያ ውስጥ ሜዣ የሚባል ሸለቆ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1665 እስከ 1994 ድረስ የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ሲወጣበት ኖሯል። ቁፋሮው ቢቆምም የማቅለጫው ጢስ ያራገፈው እርሳስ ዛሬም በየጓሮው አለ። ሕፃናት መሬት ላይ ሲጫወቱ አቧራው ከእጃቸው ወደ አፋቸው ይገባል፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ የልጅን አእምሮ ይጎዳል። የልዩብልያና ዩኒቨርሲቲው ዶሜን ሌሽታንና ባልደረቦቹ እዚያው ሸለቆ፣ ፕሬቫልዬ ላይ፣ አፈር የሚታጠብበት ማሳያ ጣቢያ አቁመዋል።

ወጣቷ፦ ቆፍሮ ሌላ ቦታ መጣል አይቀልም?

አዛውንቱ፦ ብዙ ቦታ የሚደረገው እሱ ነው። ግን ጣጣው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም። ለም አፈር ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚተካ አይደለም።

ወጣቷ፦ ታዲያ በውሃ ብቻ ይለቃል?

አዛውንቱ፦ አይለቅም። እርሳሱ ከሸክላውና ከብስባሹ ጋር ተጣብቋል። ጠንካራ አሲድ ያስለቅቀዋል፤ ነገር ግን አፈሩን ራሱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ኢዲቲኤ የሚባል ውህድ ይጠቀማሉ። አንዱ ሞለኪውል እርሳሱን በስድስት በኩል ጥፍንግ አድርጎ ይይዝና ይዞት ወደ ውሃው ይገባል። በእርሳስ ለተመረዘ ሰው ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱም የዚሁ የኢዲቲኤ የካልሲየም ጨው ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው እርሳሱ ከአፈሩ ወደ ውሃው ዞረ ማለት ነዋ! እጣቢውን የት ይደፉታል?

አዛውንቱ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኢዲቲኤን ተሕዋስያን በቀላሉ አይሰብሩትም። እርሳሱን እንደያዘ ከተደፋ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል፤ ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ይሆናል። ዋጋውም ቀላል ስላልሆነ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ያከስራል። ስለዚህ አይደፉትም፤ በኖራና በሰልፈሪክ አሲድ አጣርተው መልሰው ያጥቡበታል።

ወጣቷ፦ እንዴት አድርገው?

አዛውንቱ፦ ጠጠሩ የተነፋለት አፈር ከኢዲቲኤው ውሃ ጋር ሲማሰል ይቆይና በመጭመቂያ ይጣራል፤ ከዚያ ይለቀለቃል። የሚወርደው እጣቢ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ከእርሳሱ ጋር የአፈሩንም ብስባሽ ጠርጎ ይመጣል። በላዩ የተቃጠለ ኖራ ሲጨመርና ፒኤቹ ከ12 በላይ ሲወጣ፣ የኖራው ካልሲየም በኢዲቲኤው ላይ የእርሳሱን ቦታ ይነጥቃል። እርሳሱም ተለቆ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ተጣርቶ ለብቻው ይወጣል።

ወጣቷ፦ አሲዱስ ምን ይሠራል?

አዛውንቱ፦ ኢዲቲኤውን ይመልሳል። ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮ ፒኤቹ ወደ 2 ሲወርድ ኢዲቲኤ በውሃው ውስጥ መሟሟት ያቅተውና ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። ያ ዱቄት ተሰብስቦ ለሚቀጥለው አፈር ይውላል። የአሲዱ ሰልፌትና የኖራው ካልሲየም ደግሞ ተዋሕደው ጂፕሰም ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ውሃው ጨው ሳይጠራቀምበት ተመልሶ ሥራ ይገባል።

ወጣቷ፦ የታጠበው አፈር ወዲያው ይዘራበታል?

አዛውንቱ፦ አይቸኮልም። በውስጡ የቀረው ጥቂት ኢዲቲኤ እርሳስ ይዞ እንዳይሾልክ ደቃቅ የብረት ዱቄት ይቀላቀልበታል። መታጠቡ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ሕይወት ስለሚያሳሳው ኮምፖስት፣ ማዳበሪያና ጊዜ ይፈልጋል። እርሳሱም ተጠራርጎ አይወጣም፤ ከማዕድኑ ቅንጣት ጋር የተጋመደው ይቀራል። ቢሆንም በቀላሉ ወደ ተክልና ወደ ሰው ሆድ የሚገባው ክፍል በእጅጉ ይቀንሳል። በታጠበው አፈር አትክልት አብቅለው ለክተውታል፤ በአትክልቱ ውስጥ ያለው እርሳስ ቀንሶ ተገኝቷል።

ወጣቷ፦ ለእኛ አገርስ ይሆናል?

አዛውንቱ፦ በአቃቂ ወንዝ የሚጠጡ የአትክልት ማሳዎች ከባድ ብረቶች እንዳሉባቸው ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ያን ያህል ማሳ ግን ቆፍሮ ማጠብ አይታሰብም፤ ኖራው፣ አሲዱ፣ መብራቱና ባለሙያው ብዙ ወጪ ነው። ይህ ዘዴ የሚያዋጣው ለጓሮና ልጆች ለሚጫወቱበት ሜዳ ነው። ሰፊውን መሬት የሚያድነው ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። ፋብሪካ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ ሳይለቅ በግቢው ያጣራ። አሮጌ የመኪና ባትሪ በየሰፈሩ እየተሰበረ አሲዱ ከነእርሳሱ መሬት ላይ መፍሰሱ ይቅር። አንቺም ተምረሽ ስትወጪ የተበከለውን ከማጠብሽ በፊት፣ ገና ንጹሕ የሆነውን ጠብቂ።