ልጄ ቀለም አይለይም፤ ልጨነቅ?



እዚህ ኮን ልጃቸውን ለጉንፋን ወይም ለተቅማጥ ይዘው የሚመጡ ወላጆች፣ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆም ብለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ቀዩን አምጣ ስለው ሰማያዊውን ያመጣል። ዓይኑ ነው ወይስ ጭንቅላቱ?» አብዛኛውን ጊዜ መልሴ «ሁለቱም አይደለም» ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ማየትና መሰየም ይለያያሉ

ሕፃን ገና እንደተወለደ ከቀለም ይልቅ የሚለየው ብርሃንና ጥላን ነው። 5 ወር አካባቢ ሲደርስ ግን ቀለሞችን በደንብ ያያል። የቀለሙን ስም ማወቅ ሌላ ሥራ ነው። «ኩባያ» ይያዛል፣ ይጨበጣል። «ቀይ» ግን ብቻውን አይጨበጥም። ቲማቲሙም ቀይ፣ ሹራቡም ቀይ፣ በርበሬውም ቀይ! ልጁ እነዚህ ነገሮች በምን እንደሚመሳሰሉ ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

የአሜሪካው ሲዲሲ ባወጣው የዕድገት መለኪያ መሠረት፣ 2 ዓመት ተኩል ላይ ያለ ልጅ ቢያንስ አንድ ቀለም ሲጠየቅ በጣቱ ማሳየት፣ 4 ዓመት ላይ ደግሞ ጥቂት ቀለሞችን በስማቸው መጥራት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቢሳሳት ገና እየተማረ ነው።

ቋንቋችንም ያምታታል

እስኪ አስቡት። ቀይ ሽንኩርት ወደ ሐምራዊ ያደላል። ቀይ ጤፍ ቡናማ ነው። «ቀይ ልጅ» ስንል ደግሞ ፊቱ ቲማቲም አይመስልም። እኛ ለምደነዋል፤ ለትንሽ ልጅ ግን ግራ ነው። ስለዚህ ቀለማቸው በማያሻማ ነገሮች ጀምሩ፦ የበሰለ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ መስከረም ላይ ከሆነ አደይ አበባ።

ስማቸው ራሱ የሚያስታውስም አለ፦ ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን። አንድ ስም ምረጡና በዚያው ጽኑ። እናት «ሰማያዊ»፣ አክስት «ብሉ» ካሉት ልጁ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ይመስሉታል።

እንዴት እናለማምደው?

1. በሁለት ቀለም ጀምሩ። ለምሳሌ ቀይና ሰማያዊ። እነሱ ሳይጸኑ ሦስተኛ አትጨምሩ።

2. ዕቃውን አስቀድሙ። «ቀዩ ኳስ» ከማለት «ኳሱ ቀይ ነው» በሉት። በ2010 እ.ኤ.አ. ማይክል ራምስካርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ የሁለት ዓመት ልጆች የዕቃው ስም ቀድሞ ሲነገራቸው ቀለሙን የተሻለ ተምረዋል። ልጁ መጀመሪያ ኳሱን ያያል፤ ቀጥሎ ስለ ኳሱ ምን እየተባለ እንደሆነ ያስተውላል።

3. ከመሰየም በፊት ማዛመድ። የታጠበ ካልሲ ስታጣምሩ «ይኼን የሚመስለውን ስጠኝ» በሉት። ይኼ ሲቀለው «ቀዩ የቱ ነው?»፣ በመጨረሻ «ይኼ ምን ዓይነት ነው?»። ቤት ውስጥ ባለቀለም የአለላ ሰፌድ ካለ ጣቱን እያስኬዳችሁ አሳዩት።

4. ሲሳሳት አትቆጡ፣ አትሳቁበትም። «ሰማያዊውን አመጣህልኝ፤ ቀዩ ይኸውና» ይበቃል። ሲሰለቸው አቁሙ፤ በቀን አምስት ደቂቃ ብዙ ነው።

5. ስልክ አያስተምርላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ቪዲዮው ልጁ ሲሳሳት አይመልሰውም፤ እናንተ ግን ትመልሱታላችሁ።

ጥንቃቄ፦ ቆርኪ፣ ዶቃ፣ ባቄላ ለቀለም ጨዋታ ያምራሉ፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ያንቃሉ። አትስጡት።

የዓይን ጉዳይ የሚሆነው መቼ ነው?

4 ዓመት አልፎት ሰማያዊና ቢጫን በደንብ እየጠራ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ቡናማን ግን ሁልጊዜ የሚያምታታ ከሆነ ቀለም የመለየት ችግር ሊኖርበት ይችላል። ይኼ ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ሲሆን የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ነው። ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነና እሱንም ከእናቱ ስለሚወስድ፣ በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። የእናቱ አባት ወይም አጎቱ በእናቱ በኩል እንዲህ ከነበሩ ፍንጭ ነው። ምርመራው አያምም፤ በባለነጥብ ሥዕሎች ውስጥ ቁጥር ወይም መስመር መፈለግ ነው። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው።

በዘር የመጣው መድኃኒት የለውም፤ ልጁ ግን በሌላው ሁሉ ደህና ያያል። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። መምህሩ «አረንጓዴውን ክበብ» ሲሉ ቡናማውን ይከብና «ቀለም የማይዘልቀው» የሚል ስም ይወጣለታል። ከታወቀ ለመምህሩ ተናገሩ፣ እርሳሶቹ ላይም የቀለሙን ስም ጻፉለት።

ከዳፍንት ጋር አታምታቱት። ዳፍንት ሲመሽ አለማየት ነው፤ ዋናው መንስኤው የቫይታሚን ኤ እጥረት ሲሆን ይታከማል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ አይለፈው።

እነዚህን ካያችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦
• የዓይኑ ብሌን መሐል ነጭ ሆኖ ከታየ
• ዓይኑ ከተንሸዋረረ
• 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ወይም ስሙ ሲጠራ ካልዞረ (እዚህ ላይ ጉዳዩ የቀለም ሳይሆን የመስማት ወይም የንግግር ሊሆን ይችላል)

ዛሬ ማታ ካልሲ ስታጣምሩ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡት። ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።