ሦስት ቀን ያለፈው የዳይፐር ቁስል

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው፤ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። በቅርቡ ትኩሳትና ሳል ይዟት አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ታዘዘላት። ሽሮፑን ሳትጨርስ ተቅማጥ ጀመራት፣ ቂጧ ቀላ፣ ወዲያው ተላጠ። አከራያችን «ለእኔ ልጅ ፍቱን ነበር» ብለው የሰጡኝን ቅባት ስቀባት በሁለት ቀን ደህና ሆነች። ሳቆም ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። አሁን እስከ ብሽሽቷ ደርሷል፤ በሸናች ቁጥር ትጮኻለች። ሰው ሁሉ የየራሱን ይመክረኛል። ቅቤ የሚል አለ፣ ፓውደር የሚል አለ፣ «ጥርስ ልታወጣ ነው» የሚልም አለ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ አሞክሲሲሊኑ ላይና የአከራይዎ ቅባት ላይ።

መጀመሪያ ቆዳው እንዴት እንደሚጎዳ ልንገርዎት። ሽንትና ሰገራ ዳይፐር ውስጥ ሲቀላቀሉ አሞንያ ይፈጠራል። አሞንያው የቆዳውን ተፈጥሯዊ አሲድነት ይቀንሰዋል። ያኔ በሰገራው ውስጥ ያሉት ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞች ይበረቱና ቆዳውን ራሱን መብላት ይጀምራሉ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ቂጥ በአንድ ሌሊት ሊላጥ የሚችለው ለዚህ ነው፤ እናትየው ስለሰነፈች አይደለም።

እንዲህ የተጎዳና የረጠበ ቆዳ ደግሞ ካንዲዳ ለሚባለው ፈንገስ ይመቻል። ካንዲዳ በጤነኛ ልጅ አንጀት ውስጥም ይኖራል፤ ልክ እንዳያልፍ የሚይዙት አብረውት ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንቲባዮቲኩ እነሱን ሲገድል ፈንገሱ ይበዛል። ከሦስት ቀን በላይ የቆየ የዳይፐር ሽፍታ ሲመጣልን ፈንገስ ሳንጠረጥር አናልፍም።

ብርሃን ባለበት አስተኝተዋት የብሽሽቷን እጥፋት ገለጥ አድርገው ይዩ። ዳይፐሩ የሚያርፍበት ወጣ ወጣ ያለው ቦታ ብቻ ተቆጥቶ እጥፋቱ ውስጥ ደህና ከሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የሽንትና የሰገራ ነው። እጥፋቱ ራሱ ተቆጥቶ፣ ጠርዙ በግልጽ ተለይቶ፣ ከጠርዙም ወጣ ብለው ትናንሽ ነጠብጣቦች ከታዩ ፈንገስ ነው ማለት ይቻላል። የሕክምና መጻሕፍት «ደማቅ ቀይ» ይላሉ፤ ሥዕሎቻቸው በአብዛኛው የፈረንጅ ሕፃናት ስለሆኑ ነው። በጠይም ልጅ ላይ ግን ጠቆር ብሎ፣ ወደ ወይን ጠጅ አድልቶ፣ እያብረቀረቀ ሊታይ ይችላል። አፏንም ይመልከቱ። ምላሷና የጉንጯ ውስጥ ላይ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ ያው ፈንገስ ነውና አብሮ መታከም አለበት፤ የሚያጠቡ ከሆነ የእርስዎም የጡት ጫፍ ይታያል።

ጥያቄ፦ የአከራያችን ቅባት ቱቦው ላይ «ቤታሜታዞን» ይላል። መጥፎ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ለአዋቂ ሰው ክንድ በሐኪም ትእዛዝ ጥሩ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ለሕፃን ቂጥ ግን አይሆንም፤ ዛሬውኑ ያቁሙት። ቤታሜታዞን ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ቁጣውን ስለሚያበርደው ቆዳው የዳነ ይመስላል። ፈንገሱ ግን አልሞተም፤ ሰውነት የሚከላከልበት ጉልበት ስለተዳከመለት እንዲያውም ይስፋፋል። «በሁለት ቀን ደህና ሆነች፣ ሳቆም ብሶ ተመለሰ» ያሉኝ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ዳይፐሩ እንደ ክዳን ስለሚያፍነው ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ይጨምራል። ለሳምንታት የተቀባ እንደሆነ ቆዳውን ያሳሳል፤ ብዙ ከገባም የልጅን ሆርሞን ያዛባል።

ፋርማሲ ሄደው «ለሕፃን ቂጥ የሚሆን» ሲሉ ፀረ ፈንገስ፣ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ቢሰጥዎትም ስሙን ያንብቡ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ይመልሱት። ስቴሮይድ ጨርሶ አይነካም እያልኩ አይደለም፤ ቁጣው ከበረታ ሐኪም አይቶ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀን ሊያዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ልቀባት? እንዴትስ ላጥባት?

መልስ፦ ባለሙያ አይቶ ፈንገስ ነው ካለ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ወይም ኒስታቲን ክሬም ይታዘዝላታል። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ስስ ተደርጎ ይቀባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ቆዳው ደህና መሰለ ብለው በሦስተኛው ቀን አያቋርጡ። ክሬሙ መጠጥ ሲል ከላዩ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ይደርባሉ፤ ይሄኛው ስስ አይሆንም፣ ቆዳው ከሥሩ እስከማይታይ ድረስ ይወፍራል። ዚንኩ ከሌለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይተካዋል።

ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዳይፐር በቀየሩ ቁጥር ቅባቱን ፍቀው ሊያነሱት ይሞክራሉ። አያስፈልግም። የቆሸሸውን የላይኛውን ብቻ በዘይት በነካ ጥጥ ጠረግ አድርገው፣ የቀረውን ትተው በላዩ ይጨምሩ። መፋቅ አዲስ የበቀለውን ቆዳ ይዞት ይሄዳል።

እጥበቱ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይሁን። ሳፋ ላይ ይዘዋት ከጆግ ቀስ አድርገው ያፍስሱ፤ ሴት ልጅ ስለሆነች ከፊት ወደ ኋላ። ሳሙናና ሽታ ያለው እርጥብ ሶፍት እስክትድን ድረስ ይቅር። ሲያደርቁ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እንጂ አይሹት።

ከሁሉም ቅባት የሚበልጠው ግን አየር ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሞቋት የለም? ያን ጊዜ ዳይፐሩን ያውልቁላት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በቂ ነው። አያቶች «ብርድ ይመታታል» ማለታቸው አይቀርም፤ ሹራቧንና ካልሲዋን አድርገውላት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ከሥሯ ጨርቅ አንጥፈው ያስተኟት።

ጥያቄ፦ ዳይፐር ውድ ነው፤ ከሱቅ በነጠላ ነው የምገዛው። ጨርቅ ባደርግላትስ?

መልስ፦ ይቻላል። አንዱን ዳይፐር ቀኑን ሙሉ ከማቆየት ጨርቁ ይሻላል፤ ቀን ጨርቅ፣ ማታ ዳይፐር ማድረግም አንድ ዘዴ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሰገራ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ይቀየራሉ። በላዩ የላስቲክ ሱሪ አይደርቡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንደሚቸግርዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በማለቅለቁ ላይ ውሃ አይቆጥቡ። ጨርቁ ላይ የቀረ የዱቄት ሳሙና ወይም በረኪና ራሱ ያቃጥላታል። ክረምት ላይ ጨርቁ አልደርቅ ሲል በካውያ ይተኩሱት እንጂ እርጥቡን አያድርጉላት።

ጥያቄ፦ ቅቤውስ? ፓውደሩስ? ጥርስስ?

መልስ፦ ቅቤ በተላጠ ቆዳ ላይ አይቀባም፤ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ዳማከሴ፣ ሎሚ፣ ፌጦም እንዲሁ። ፓውደር ብናኙ ወደ ሳንባዋ ይገባል፣ እጥፋቱ ውስጥም ይጋገራል። ጂቪ የሚባለው ወይን ጠጅ ፈሳሽ ፈንገስ ይገድላል፤ ግን የተላጠ ቆዳን ያቃጥላል፣ ቀለሙም ቁስሉን ይሸፍንብናል።

ጥርስን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። የተቅማጧ ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራጥረው አንቲባዮቲኩ ነው። «ግግ ይውጣላት» የሚል ምክር ከመጣ እምቢ ይበሉ፤ ድድ መቁረጥ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን እንጂ ሌላ አያመጣም። ለተቅማጡ ኦአርኤስና የዚንክ ኪኒን አለ፤ ዚንኩ ከስድስት ወር በላይ ላለች ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ይሰጣል። ይህ ኪኒን ሟሙቶ የሚጠጣ ነው፤ ተፈጭቶ አይቀባም። ጡት አያቋርጡ። ብርቱካንና ቲማቲም ግን እስኪሻላት ይቆዩ።

ጥያቄ፦ የዳነው ቦታ ነጣ ነጣ ብሏል። ለምጽ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ቆዳ ከቁጣ በኋላ ቀለሙን ለጊዜው ያጣል፤ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ምንም አይቀቡበት።

ለማየት የማልቸኩልበት ነገር ይህ ነው። የማያስጠብቀው ሌላ ነው፦ ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መግል የቋጠረ ወይም ቢጫ ቅርፊት ያለው ቁስል ከወጣ፣ ፊንጢጣዋ ዙሪያ እንደ ቀለበት ደምቆ ከቀላ፣ አልጠባም ካለች ወይም ዓይኗ ከሰረጎደ በዚያው ቀን ትታይ። ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላውም እንዲሁ። ሽፍታው በአፏ ዙሪያ ጭምር ከወጣና ፀጉሯ ከሳሳ የዚንክ ወይም የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ክብደቷ መመዘን አለበት።

እርስዎ የጻፉልኝ ሁኔታ ቤት ውስጥ የሚሞከርበት ጊዜ አልፏል። ነገ ጠዋት በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ ሪፈር ያጽፉ፤ ዘነበወርቅ ያለው፣ በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል እዚያው ክፍለ ከተማችሁ ውስጥ ነው። ሲሄዱ ቂጧን ምንም ሳይቀቡ፣ የአከራይዎን የቅባት ቱቦና የአሞክሲሲሊኑን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ።