በጥብቅ ሥፍራዎች የቱሪዝም ኮንሴሽን የአቅም ግንባታ ቅደም ተከተል፦ ከውል በፊት ወይስ ከውል በኋላ?

መግቢያ

የቱሪዝም ኮንሴሽን በጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ውስጥ የሎጅ፣ የካምፕ ወይም ሌላ አገልግሎት ለተወሰነ ዘመን እንዲሰጥ የሚፈቅድና ሰጪው በምላሹ ክፍያ እንዲፈጽም የሚያስገድድ ውል ነው። በዘርፉ አቅም ግንባታ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የአስጎብኚዎች፣ የምግብ አብሳዮችና የመስተንግዶ ሠራተኞች ሥልጠና ነው። ይህ ጽሑፍ የሙያ ሥልጠናን ጠቀሜታ ሳይክድ፣ የጥቅም ክፍፍሉ በውሉ ስለሚወሰን ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ውልን የማዘጋጀትና የመደራደር አቅም መሆኑን ያስረዳል።

የፓርክ አስተዳደር አቅም

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በክሩገርና በሌሎች ፓርኮች ለግል ድርጅቶች የ20 ዓመት የሎጅ ኮንሴሽን ሰጥቷል። ዘመኑ ሲያበቃ ግንባታው ለፓርኩ እንዲመለስ ተደንግጓል። ውሎቹ ከክፍያ በተጨማሪ የአካባቢ ጥበቃና የነዋሪዎች ተጠቃሚነት ግዴታዎችን፣ ግዴታ ሲጣስም የሚከተሉ ቅጣቶችን ይዘዋል።

እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም የሒሳብና የሕግ ዕውቀት ይጠይቃል። ለምሳሌ ክፍያው ከትርፍ ላይ እንዲሰላ ከተስማሙ፣ ባለኮንሴሽኑ ወጪውን ባሳደገ ቁጥር የፓርኩ ድርሻ ይቀንሳል። ከጠቅላላ ገቢ ላይ ከሆነ ደግሞ የፓርኩ ሠራተኛ የእንግዳ መዝገብን ከደረሰኝ ጋር ማመሳከር መቻል አለበት። በሥነ ሕይወት የሠለጠነ የፓርክ ባለሙያ ይህን ሥራ ያለ ተጨማሪ ሥልጠና እንዲወጣ መጠበቅ ውሉን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

የማኅበረሰብ የመደራደር አቅም

ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች ጥብቅ ሥፍራ አቋቁመው በዱር እንስሳትና በቱሪዝም ላይ መብት እንዲኖራቸው ፈቅዳለች። በዚያው ዓመት ዳማራላንድ ካምፕ የተመሠረተው በነዋሪዎች ማኅበርና በአንድ የሳፋሪ ድርጅት መካከል በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ ማኅበረሰቡ ከአልጋ ገቢ 10 በመቶ እንዲያገኝ፣ ነዋሪዎችም ሠልጥነው እንዲቀጠሩ ተወስኗል። ነዋሪዎቹ በድርድሩ ወቅት የውጭ አማካሪዎች ድጋፍ ነበራቸው። በመሆኑም ሥልጠናው በድርጅቱ በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ሳይሆን ሊጠየቅበት የሚችል የውል ግዴታ ሆነ።

ለሰሜን ተራሮች የሚኖረው ትርጉም

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ ወጥቷል። በደባርቅና አካባቢው አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ ምግብ አብሳዮችና ባለበቅሎዎች ከጎብኚው በቀጥታ ገቢ ያገኛሉ። ይሁንና ይህ የዕለት የአገልግሎት ዋጋ እንጂ በሎጅ ገቢ ላይ የሚገኝ የባለድርሻነት መብት አይደለም። የጎብኚ ፍሰት ሲቋረጥ ገቢያቸውም አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ ባለበቅሎውን የመስተንግዶ ሥነ ምግባር ማስተማር ብቻውን ይህን ተጋላጭነት አይቀንስም። ተወካዮቹ የውል ረቂቅ አንብበው የክፍያ ስሌትን፣ የውል ዘመንንና የማቋረጫ ሁኔታን መጠየቅ ሲችሉ ግን የድርድሩ ሚዛን ይለወጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት ሥልጠናው በሦስት ደረጃ ቢከፈል ይመረጣል። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የፓርኩ ባለሙያዎች በዋጋ ትመና፣ በጨረታ ሰነድና በውል ክትትል ይሠልጥኑ። ድርድር ከመጀመሩ በፊት የማኅበረሰቡ ተወካዮች በባለሀብቱ በማይከፈል አማካሪ ይታገዙ። ከፊርማ በኋላ የሚሰጠው የሙያ ሥልጠናም ከአስተናጋጅነት እስከ ሥራ አስኪያጅነት የሚያደርስ መሰላል፣ የጊዜ ገደብና ቅጣት ያለው የውል አንቀጽ ይሁን። የሠለጠነ ባለሙያ ሲዛወር ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ ሥልጠናው ለቡድን ቢሰጥና የክትትል መዝገብ በጽሕፈት ቤቱ ቢቀመጥ ይበጃል። በደካማ ዝግጅት የተፈረመ የ20 ዓመት ውል፣ ከፊርማ በኋላ በሚሰጥ የመስተንግዶ ሥልጠና አይታረምምና።