ማኅተም ያረፈበት ሐሰት

በቤተሰብ ችሎት ስለሚፈጸም ጉቦ፣ ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ጥናት

የሚነበብ ክፍል፦ 1ኛ ሳሙኤል 8፥1-5 እና 12፥1-5



የሳሙኤል ልጆች በቤርሳቤህ በዳኝነት ሲሠሩ ገንዘብ አሳታቸው። የእስራኤል ሽማግሌዎችም ነገሩን በየቤታቸው በማንሾካሾክ አላስቀሩትም፤ ተሰብስበው ወደ ራማ ሄዱና ለአባትየው ፊት ለፊት ነገሩት። ሳሙኤል ራሱ ደግሞ በሽምግልናው በሕዝብ ፊት ቆሞ ጉቦ የወሰደበት ሰው ካለ እንዲመሰክርበት ጠየቀ፤ የመሰከረበትም አልተገኘም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ዳኛ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የሚያውቅ ሰውም ሊናገር ይገባዋል።

1. ከወላይታ የምናገኘው ትምህርት

ወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ያሉ ወረዳዎች ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር በብዛት ከሄዱባቸው የአገራችን ክፍሎች መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ሄደዋል። ጉዲፈቻው በመጨረሻ የሚጸድቀው በአዲስ አበባ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር። እዚያ የተቀመጠው ዳኛ የእናቲቱን ጎጆ አያይም፣ ጎረቤቷንም አያውቅም። የሚያየው ከቀበሌ፣ ከወረዳና ከሕፃናት ማሳደጊያው የመጣውን ወረቀት ነው።

ከእውነተኛው ወረቀት ጋር ሐሰተኛው ተደባለቀ። በሕይወት ያሉ ወላጆች እንደ ሞቱ ተደርጎ ተጻፈ። ሌሎች ወላጆች ደግሞ ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ መስሏቸው በማያነቡት ወረቀት ላይ የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኖሩ። በአገራችን ልማድ ጉዲፈቻ ልጁን ከወላጆቹ አይቆርጠውም፤ በሄዱበት አገር ሕግ ግን ዝምድናው ይቋረጥ እንደ ነበር የነገራቸው አልነበረም።

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚመረምረውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የአንድ አስማሚ ድርጅት ሠራተኞች ሕፃናቱን አሳድገው በማያውቁ ማሳደጊያዎች ስም የሐሰት ውል አዘጋጅተዋል፣ ለኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞችም ጉቦ ሰጥተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ ከተከሳሾቹም መካከል ጥፋታቸውን ያመኑ ነበሩ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ።

እኛ በእርዳታ ሥራ ያለን ሰዎች ይህን ታሪክ የሌላ ሰው ጥፋት አድርገን ልናወራው አንችልም። በዚያ ሥራ ከተሰማሩት ድርጅቶች ጥቂት ያልሆኑት በክርስቶስ ስም የሚጠሩ ነበሩ።

2. ጥፋቱ ከችሎቱ በፊት ይጀምራል

ስለ ፍርድ ቤት ሙስና ሲነሣ ሁላችንም ወዲያው ዳኛውን እናስባለን። ነገር ግን ዳኛው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሊበላሽ ይችላል፤ የቀረበለት ወረቀትና ምስክር ሐሰት ከሆነ ፍርዱም የሐሰት ፍሬ ይሆናል። ይህ በጉዲፈቻ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ባል ከሚስቱ ጋር ያፈራውን ከብት በወንድሙ ስም አስመዝግቦ ጎረቤቱን ለምስክርነት ይጠራል። አጎት የሙት ልጆችን መሬት ለመያዝ ሞግዚት ልሁን ብሎ የሽማግሌዎችን ደብዳቤ ይጠይቃል። አባት ለልጁ የሚከፍለው ቀለብ እንዲያንስለት ደመወዙን ዝቅ አድርጎ የሚጽፍለት የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ያ ጎረቤት፣ ያ ሽማግሌ፣ ያ የሒሳብ ሠራተኛ ከእኛ መካከል ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ሙስናን መቃወም የሚጀምረው ከራሳችን ብዕርና ማኅተም ነው። ያላየነውን አይተናል ብለን አንፈርም። ሰው በማያነበው ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት።

3. ጉቦ ስንጠየቅ

በፍርድ ቤት ደጅ የሚዞር ደላላ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ነገሩን እኔ እጨርስልሻለሁ» ይላል። በዳኛው ስም የተቀበለውን ገንዘብ ዳኛው ሰምቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተቀባዩም ሰጪውም ይጠየቃሉ። ፕሮጀክቶችም ጉቦን «መጓጓዣ» ወይም «መስተንግዶ» ብለው በሒሳብ መዝገብ እንዳይሸሽጉት እንጠንቀቅ።

የተጠየቀ ሰው አይክፈል፤ በዚያው ቀን የሆነውን ይጻፍ። ማን ጠየቀ? ስንት ብር? በየትኛው ቀንና ቦታ? ማን ሰማ? የመዝገቡ ቁጥርስ ስንት ነው? በጆሮ የሰማነውን በዓይናችን ካየነው እንለይ። ክርክር መሸነፍ ብቻውን የጉቦ ማስረጃ አይደለም፤ ንጹሕ ዳኛን በወሬ ማማትም ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

4. ወዴት እናመልክት?

ሀ. ፍርዱ ስሕተት ነው የሚል ሰው ይግባኝ ይበል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው።

ለ. ፍርዱ የተገኘው በሐሰተኛ ሰነድ፣ በሐሰተኛ ምስክር ወይም በጉቦ መሆኑን ተከራካሪው ከፍርድ በኋላ ካወቀና ይግባኝ ካልጠየቀ፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 6 መሠረት ለዚያው ፍርድ ቤት ዳግም እንዲታይ ማመልከት ይችላል። ጊዜው ግን ካወቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ስለሆነ አይዘግይ።

ሐ. የዳኛ ሥነ ምግባር የሚያሳስብ ከሆነ አቤቱታው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በጽሑፍ ይቅረብ። ወላይታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለሆነች የሚቀርበው ለክልሉ ጉባኤ ነው።

መ. ጉቦ ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ይነገራል። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ግን በ2008 ዓ.ም. ወደ ሌሎች የፍትሕ አካላት ስለ ተዛወረ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን አንዝለል። በከባድ ወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ እንዲያገኙ የ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 699 ይፈቅዳል። ያስገባነውን አቤቱታ ግልባጭ ይዘን፣ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ጽፈን እንመለስ።

5. ብቻዋን አትላኳት

ይህን ሁሉ ለአንዲት ድሃ እናት ነግረን በሰላም ሂጂ ብንላት ሥራችንን አልፈጸምንም። ቀጠሮ ከወር ወደ ወር ሲዘዋወር ልጆቿ ይራባሉ፤ ለደላላው ገንዘብ የምትሰጠውም ብዙ ጊዜ መጠበቅ ስለማትችል ነው። እንግዲህ ጉባኤው እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ለልጆቿ እህል ይስፈርላት። ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋት ይሂዱና በችሎቱ ይቀመጡ። አቤቱታ ያቀረበች እንደ ሆነ ከጎረቤት ቁጣ ብትሸሽ የምታድርበት ቤት ይኑራት። ይህ ወጪ ነው፤ ነገር ግን ከጉቦው ወጪ የተሻለ ነው፤ ሌላዋን እናት አያስከፍላትምና።

ለውይይት

1. ባለፈው ዓመት ጉባኤያችን ወይም ፕሮጀክታችን ለፍርድ ቤት የጻፋቸው ደብዳቤዎች ስንት ናቸው? ሁሉንስ በዓይናችን አይተን ነውን የጻፍናቸው?

2. ማኅተማችን በማን እጅ ነው? ብቻውን ሊያትም ይችላልን?

3. በመካከላችን በፍርድ ቤት ቀጠሮ የምትመላለስ እናት ማን ናት? በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከእርስዋ ጋር የሚሄዱት ሁለቱ እነማን ይሁኑ? ሳንነሣ ስማቸውን እንጻፍ።