ከአበባው ማር ከእሾኩ መራቅ፦ የጥንት ታላላቅ ድርሰቶችና ክርስቲያን ተማሪ



ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የዓለም ሥነ ጽሑፍ መማር ሲጀምሩ ከሚሰጧቸው መጻሕፍት መካከል የሆሜር ቅኔዎች፣ የሶፎክልስ ተውኔቶችና የቨርጂል ድርሰት ይገኙባቸዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ አማልክት ይጣላሉ፤ ይዋሻሉ፤ ያመነዝራሉ። ስለዚህ አንዳንድ ወላጆች «በጸሎት ያሳደግነው ልጅ ይህን አንብቦ እምነቱን ይዞ ይመለስ ይሆን?» ብለው ይጨነቃሉ። ተማሪውም «ለፈተና ያህል ብቻ አነበዋለሁ» እያለ ልቡን ለሁለት ከፍሎ ይኖራል። ጭንቀቱ ከፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ ልናቃልለው አይገባንም። ይሁን እንጂ ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ከ1600 ዓመታት በፊት የቤተ ክርስቲያን አባቶች መርምረውታል።

1. ቅዱስ ባስልዮስ ተማሪ ሳለ

በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ የምናውቅለት ቅዱስ ባስልዮስ በ350ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአቴና ከተማ ተማሪ ነበር። ከወዳጁ ከቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘናዚያንዙ ጋር ሆኖ የግሪክን ባለቅኔዎችና ፈላስፎች በትጋት አጠና። ከዓመታት በኋላ የአረማውያንን መጻሕፍት ስለ ማንበብ ለወጣቶች ምክር ሲጽፍ «አታንብቡ» አላላቸውም፤ እንዴት እንደሚያነቡ አስተማራቸው።

ምሳሌ ያደረገው ንብን ነው። ንብ በአበባ ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ቀስማ የቀረውን ትታ ትሄዳለች። ጽጌረዳ የሚቀጥፍም ሰው ከእሾኩ ይጠነቀቃል። ባስልዮስ ሙሴ የግብፃውያንን፣ ዳንኤልም የከለዳውያንን ጥበብ መማራቸውን ያስታውሳል። ፍሬ የነፍስ እውነት ነው፤ የውጭው ጥበብ ደግሞ ፍሬውን እንደሚከልልና እንደሚያስጌጥ ቅጠል ነው።

በ362 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ዩልያኖስ ክርስቲያን መምህራንን ከእነዚህ መጻሕፍት ለማራቅ ተነሣ። በሆሜር አማልክት የማያምን ሆሜርን ሊያስተምር አይገባውም የሚል ነበር አሳቡ። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ይህን በብርቱ ተቃወመ። ልብ እንበል፤ በዚያ ዘመን ክርስቲያኖችን ከታላላቅ ድርሰቶች ሊለይ የፈለገው ቤተ ክርስቲያንን የሚቃወም ንጉሥ ነበር።

2. የቅዱስ አጎስጢኖስ ማስጠንቀቂያ

በሌላው ወገን ቅዱስ አጎስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ የልጅነት ንባቡን ይወቅሳል። በቨርጂል ድርሰት ውስጥ ስለ ፍቅር ራሷን ለገደለችው ለዲዶ እያለቀሰ፣ ከእግዚአብሔር ርቃ ለምትሞተው ለገዛ ነፍሱ ግን አላለቀሰም ነበር። ልብ ወለድ እንባን ሊያስፈስስ፣ ሕይወትን ግን ሳይለውጥ ሊቀር ይችላል። ሆኖም ይኸው አጎስጢኖስ በካርታጎ ተማሪ ሳለ የአረማዊውን የቺቸሮን «ሆርቴንስዩስ» የተባለ መጽሐፍ አንብቦ የጥበብ ፍቅር እንዳቃጠለውና ጸሎቱ ወደ እግዚአብሔር እንደ ዞረ ይመሰክራል። እንግዲህ ልዩነቱ የሚመጣው አንባቢው በሚፈልገው ነገርና በሚያነብበት መንገድ ጭምር ነው።

3. አንድ ምሳሌ፦ አንቲጎኔና ጦቢት

የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» እንመልከት። ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በአቴና ቀረበ። ንጉሥ ክሬዎን ከተማይቱን ሊወጋ መጥቶ የሞተው ፖሊኔይቄስ እንዳይቀበር አዋጅ ያስነግራል። እኅቱ አንቲጎኔ ግን ያልተጻፈው መለኮታዊ ሕግ ከንጉሥ አዋጅ ይበልጣል ብላ አፈር ታለብሰዋለች፤ ለዚህም ሞት ይፈረድባታል።

ይህን ያነበበ ተማሪ መጽሐፈ ጦቢትን ይክፈት። ንጉሥ ሰናክሬም ያስገደላቸውን ወገኖቹን ጦቢት በስውር ይቀብራል፤ ተከስሶ ይሰደዳል፤ ሀብቱም ይወረሳል። ከዚያም በኋላ ሌላ ወገኑ መገደሉን ሲሰማ ማዕዱን ትቶ ይነሣል። ሙታንን መቅበር ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን የተማረ ልጅ፣ እግዚአብሔር በአረማውያንም ልብ ሕጉን እንዳተመ በአንቲጎኔ ያያል።

የሚለያዩበትም አለ። አንቲጎኔ በታሰረችበት ዋሻ ራሷን ትገድላለች። ጦቢት ግን ዓይኑ ታውሮ ሞትን እስኪመኝ ድረስ በተጨነቀ ጊዜ ነፍሱን በገዛ እጁ አላጠፋም፤ ልመናውን ለእግዚአብሔር አቀረበ። እንደ ንብ መቅሰም ማለት ይህ ነው፤ ስለ ሕጉ ያላትን ጽናት እንወስዳለን፤ በተስፋ መቁረጧ እናዝንላታለን እንጂ አንከተላትም።

4. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሥነ ጽሑፍ በሰው ሕንጸት ስላለው ድርሻ መልእክት ጽፈው ነበር። ወጣት ሳሉ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ አባት ነበሩና ንባብ የሌላውን ሰው ድምፅ ለመስማት እንደሚያሠለጥን አስገንዝበዋል።

ለሀገራችንም ይህ እንግዳ አይደለም። ቀደምት ሊቃውንት የፈላስፎችን ምክር በ«አንጋረ ፈላስፋ» ወደ ግእዝ መልሰዋል። በኋላም ከበደ ሚካኤልና ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ተውኔቶች በአማርኛ አቅርበውልናል።

እንግዲህ ተማሪውን ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን አንተወው። ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ «ምን አነበብህ?» ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም ሳንቆጣ እንስማ። ሳናነብ የምንፈርድ ከሆነ ምክራችንን ንቆ ይሄዳል፤ አብረነው ስናነብ ግን የሚከብደውን ሁሉ ሊነግረን ይደፍራል።

ለውይይት፦

ሀ) ጦቢትና አንቲጎኔ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

ለ) አንብበን ያለቀስንበት፣ ሕይወታችንን ግን ያልለወጠ ታሪክ አለን?

ሐ) በቁምስናችን ካሉ ተማሪዎች ጋር በዚህ ሩብ ዓመት የትኛውን መጽሐፍ አብረን ልናነብ እንችላለን?